ፍሪሲዮኑ ሲድን ፍሬኑ ይታመማል፣ ፍሬኑ ሲድን ፍሪሲዮኑ ይወድቃል (ጎልፍ ጂቲአይ፣ ደሴ)

የሆጤ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ማታ 2:20

ሰላም ቤተሰብ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ቢል ይቅርታ።

መኪናዋ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። በፈረንጅ የ2007 ሞዴል፣ 2.0 ቱርቦ፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል። 200 የፈረስ ጉልበት አላት። ከወንድሜ ነው የተረከብኳት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት ወርጄ ማታ እወጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው የካቲት ላይ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ባጃጅ በግራ ባጃጅ በቀኝ፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። በጫማዬ ጫፍ ጎትቼ መለስኩት። ጋራዥ ወሰድኳት። «የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ነው» አሉኝ፣ ተቀየረ። ሚያዝያ ላይ ያው አዲሱ ፖምፓ ማፍሰስ ጀመረ። ተቀየረ። ሐምሌ ላይ ሦስተኛው ገባ።

በመሃሉ ደግሞ ፍሬኑ ተነሳ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ደህና ነው። ኮምቦልቻ መግቢያ ስደርስ መኪናዋ ራሷን ትይዛለች። ነዳጅ ካልሰጠኋት ንቅንቅ አትልም። አንድ ቀን የፊት ጎማዎቹ ጭስ አወጡ፣ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ጥሩንባ እየነፋ አስቆመኝ። ግማሽ ሰዓት ካሳረፍኳት ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች። ፓድ ቀየርኩ። የፍሬን ዲስኩን ቶርኖ ቤት (ብረት መላጫ) አስገባሁ። የላይኛው የፍሬን ፖምፓ ጎሚኒ (ማፈኛ ላስቲኩ) ተቀየረ። ስድስት ሳምንት ሰላም ሆንኩ፤ ከዚያ ያው።

አሁን ሦስተኛ ጣጣ መጣ። ማታ ሐረጎን ስወጣ በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትፈጥንም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። «የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል፣ ቮላኖውም (ዲስኩ የሚነክስበት የሞተሩ ጎማ ብረት) አብሮ ይቀየር» እያሉኝ ነው። የዚያ ዋጋ በሬ ይገዛል።

ሦስት ጋራዥ አይቷታል፤ ስማቸውን አልጠራም። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ይቺ መኪና ለዚህ አገር አትሆንም።» እውነት ነው? ልሽጣት?

---

ባለ ቪትዙ | ጥቅምት 4፣ ማታ 2:41

ሽጣት። አውቶማቲክ ቪትዝ ግዛ። ፍሬን ይዘሃል፣ ፍሪሲዮን ደግሞ ጭራሽ የለህም፤ የሌለ ነገር አይበላሽም።

---

የሆጤ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ማታ 2:44

ባለ ቪትዙ፣ ሐረጎን ሽቅብ ኤሲ አብርተህ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ከኋላህ የቆመውን ሰልፍ ቀብር መስሎኝ ነበር።

---

ሐረጎ ኩርባ | ጥቅምት 4፣ ማታ 3:30

ፉገራው ይቆየንና፣ እኔ የምጠረጥረው አነዳድህን ነው። አትቀየም።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። መኪናህ ከነሰውህ 1,400 ኪሎ ብትመዝን፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ይዞ ካወረዳት፣ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ሙሉ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛ አንስቶ ያፈላል። ጀሪካኑ እንግዲህ አራት ዲስክ ላይ ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው።

የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ይታመቃል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሦስተኛ ማርሽ አስገብተህ በሞተር ያዛት። ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ቀይር።

---

የሆጤ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ማታ 3:52

ወንድሜ የጀሪካኗ ሂሳብ ተመችታኛለች። ግን በሦስተኛ ነው የምወርደው፣ ኩርባው ሲጠብቅም በሁለተኛ። ሌላም ነገር አለ። የእኔ ፔዳል አይላላም። ይጠጥራል። ሲብስበት ገና እግሬን ሳሳርፍበት እንደ ድንጋይ ነው።

---

ሶማሌ ተራ 7 | ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1:10

ፌክ ዕቃ ነው የገጠሙልህ። ካርቶኑ የጀርመን፣ ውስጡ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የጎልፍ ዕቃ አዲስ አበባም እየጠፋ ነው፤ ያለውን ደግሞ ሁሉም «ኦርጅናል» ይለዋል። ሦስት ፖምፓ በስድስት ወር? በጤናማ ዕቃ አይሆንም።

---

በርበሬ ወንዝ | ጥቅምት 5፣ ጠዋት 3:05

የከፍታ ጉዳይም አለ። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭ አየር ግፊት ነው። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። እገዛው ሲቀንስ ፔዳሉ ይከብዳል። የጠጠረው ለዚያ ነው።

---

ሐረጎ ኩርባ | ጥቅምት 5፣ ጠዋት 3:20

@በርበሬ ወንዝ ትክክል፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እንዳልከው ቢሆን ደሴ ላይ ይጠጥርና ኮምቦልቻ ሲወርድ ይሻለው ነበር። እሱ የሚለው ላይ ደህና፣ ታች መጥፎ ነው። ደግሞም ሰርቮ ቢደክም ፔዳል ይከብዳል እንጂ ጎማ አይያዝም።

እኔም ግምቴን አነሳለሁ። ዘይት ቢፈላ ኖሮ ፔዳሉ ይሰምጥ ነበር።

---

ጋሽ ቶርኖ | ጥቅምት 5፣ ማታ 1:15

ልጆች፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ ዕቃ ታወራላችሁ። ዕቃው ውስጥ ስለሚሄደው ነገር የጠየቀ የለም። (ኩርባ ጠይቋል፤ ግን ሲፈላ ብቻ ነው ያሰበው።)

የሆጤው ልጅ፣ እነዚህን መልስልኝ።

የፍሬን ዘይት መያዣውን ክዳን ክፈት። ከክዳኑ ሥር እጥፍጥፍ ያለች ጎማ ካለች እያት። ተለጥጣ፣ አብጣ፣ አልመለስ ብላለች? ዘይቱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ለመጨረሻ ጊዜ ማን ሞላው? ከምን ቆርቆሮ?

አንድ ነገር ደግሞ እወቅ። ባንተ መኪና ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚጠጡት ከአንድ ዕቃ ነው። የፍሪሲዮኑ ቱቦ ከዚያው ከፍሬን ዘይት መያዣ ጎን ላይ ነው የሚነሳው። ሁለት በሽታ ያለብህ መስሎሃል። እኔ አይመስለኝም።

---

የሆጤ ልጅ | ጥቅምት 5፣ ማታ 1:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጨለማ ነው፣ ጉሙም ወርዷል። ጠዋት አይቼ እጽፋለሁ።

---

የሆጤ ልጅ | ጥቅምት 6፣ ጠዋት 1:25

ጋሼ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። ከሥሩ ያለችው ጎማ እንደ እንጀራ ዓይን ተነፋፍታለች። መልሼ ልከታት ብል አልገባ አለች፤ በአውራ ጣቴ ገፍቼ ነው ያስገባኋት። ዘይቱ ከላይ ሲያዩት ቀላ ይላል። አሮጌ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

ማን ሞላው ላሉት፣ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጥር መጨረሻ ላይ መኪና አሳጠብኩ። እዚያው ኦሊዮም ይቀይራሉ። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ «ዘይት ጎድሎብሃል፣ ልሙላልህ?» አለኝ። ስልክ እያወራሁ ነበር፤ «ሙላው» አልኩት። ቀይ ነገር ይዞ ነበር። «የመሪ ዘይት ነው» ያለኝ ይመስለኛል።

ግን ጋሼ፣ የእኔ መኪና መሪ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የላትም።

---

ባለ ቪትዙ | ጥቅምት 6፣ ጠዋት 1:31

ኧረ ወላሂ?!

---

ጋሽ ቶርኖ | ጥቅምት 6፣ ጠዋት 2:10

ታዲያ የት ጨመረው? መያዣ ሲፈልግ አንድ አገኘ፤ እሱ ውስጥ ጨመረው።

አሁን ስማኝ። መኪናዋን አቁማት። ዛሬ ሐረጎን እንዳትወርድ። በታክሲ ሂድ። ቀልድ አይደለም።

---

የጦሳ ጉም | ጥቅምት 6፣ ቀትር 6:40

ሰላም። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ መኪና የለኝም፣ ይህን ክር የማነበው ለመዝናናት ነው። ግን ይቺ የእኔ ነገር ናት።

በግምት ከምትቆርጡ ፈትኑት። ንጹሕ ብርጭቆ ውሃ አዘጋጅ። በአዲስ መርፌ ከመያዣው ውስጥ ከላይኛው ገጽ ትንሽ ሳብና ውሃው ላይ ጠብ አድርገው። አማስለውና አምስት ደቂቃ ተወው። የፍሬን ዘይት ዶት 3 ይሁን ዶት 4፣ መሠረቱ ግላይኮል ስለሆነ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ይጠፋል። የመሪ ዘይትና የሞተር ኦሊዮ የማዕድን ዘይት ናቸው። ከውሃ ጋር አይስማሙም፣ ተንሳፍፈው ዓይን ዓይን ይሠራሉ። ለማነጻጸር በሌላ ብርጭቆ አዲስ የፍሬን ዘይት ጠብ አድርግ። ብርጭቆዎቹን ከዚያ በኋላ ለመጠጥ እንዳትመልሳቸው፤ ግላይኮሉ መርዝ ነው።

---

የሆጤ ልጅ | ጥቅምት 6፣ ማታ 12:50

መምህርት፣ አደረግኩት። እናቴ ቡና እያፈላች «ደግሞ ምን ጥንቆላ ጀመርክ?» ትለኛለች።

አዲሱ ዶት 4 ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የመኪናዬ ግን ውሃው ላይ ቀይ ዓይን ሠርቶ ቁጭ አለ። በደንብ የተቁላላ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት አስቡት። አማሰልኩት፣ ተበታተነ፣ ተመልሶ ተሰበሰበ።

ስምንት ወር። ሦስት ፖምፓ። ምክንያቱ አንድ «ሙላው» የምትል ቃል።

---

የጦሳ ጉም | ጥቅምት 6፣ ማታ 1:20

አብሽር። ምክንያቱ ከታወቀ ግማሹ አለቀ።

ለምን ፍሪሲዮኑ ቀድሞ እንደታመመ የገባኝ ይመስለኛል። ጋሽ ቶርኖ ቱቦው ከመያዣው ጎን ይነሳል ብለዋል። ከፍ ብሎ ነው ወይስ ከታች?

---

ጋሽ ቶርኖ | ጥቅምት 6፣ ማታ 1:35

ከፍ ብሎ ነው ልጄ። ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። ፍሪሲዮኑ አፍስሶ ዘይቱ ቢወርድ፣ ቱቦው አየር ይስብና ፍሪሲዮኑ ቀድሞ ይሞታል። ለፍሬኑ ግን ከሥር ይተርፍለታል። ማርሽ ባይገባልህ ትቆማለህ። ፍሬን ባይኖርህ አትቆምም።

---

የጦሳ ጉም | ጥቅምት 6፣ ማታ 1:50

እንግዲያው ይኸው። የመሪ ዘይት ከፍሬን ዘይት ይቀላል፣ ስለዚህ ከላይ ይንሳፈፋል። የፍሪሲዮኑ ቱቦ ደግሞ ከላይ ነው የሚጠጣው። ቀዩን ነገር መጀመሪያ የጠጣው ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሬኑ ጋ የደረሰው ቀስ በቀስ፣ መኪናው ሲናጥና ዘይቱ በተነካካ ቁጥር ነው።

የፍሬን ጎሚኒ የሚሠራበት ላስቲክ ከግላይኮል ጋር በሰላም ይኖራል። የማዕድን ዘይት ሲነካው ግን ይጠጣዋል፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል። ጎሚኒው ፌክ ይሁን ኦርጅናል ልዩነት የለውም። @ሶማሌ ተራ 7 ይቅርታ፣ ምናልባት ሦስቱም ፖምፓዎች ጤነኞች ነበሩ።

---

ሶማሌ ተራ 7 | ጥቅምት 6፣ ማታ 2:05

ይቅር ብያለሁ። ሰው ዕቃ ሲያጨቃጭቀኝ ግን ከእንግዲህ ብርጭቆ ውሃ ነው የምጠይቀው።

---

በርበሬ ወንዝ | ጥቅምት 6፣ ማታ 2:30

እኔ ሌላ ነገር ሰምቻለሁ። ዶት 3 ላይ ዶት 4 መጨመርም ጎሚኒ ይበላል ይባላል። እሱም ሊሆን ይችላል።

---

የጦሳ ጉም | ጥቅምት 6፣ ማታ 2:41

አይበላም። ዶት 3፣ 4 እና 5.1 ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢቀላቀሉ ጥራታቸው ወደ ደካማው ይወርዳል እንጂ ላስቲክ አይጎዱም። ባዕዱ ዶት 5 ነው፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። 5 እና 5.1 ስማቸው መመሳሰሉ የሰው ጥፋት ነው።

---

ጋሽ ቶርኖ | ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2:00

መምህርት ያለችው ላስቲክ ሲያብጥ መኪናው ላይ ምን እንደሚያደርግ ልናገር። እኔ የማውቀው እሱን ነው።

የላይኛው ፖምፓ ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መመለሻ አለች። እግርህን ከፔዳል ስታነሳ ዘይቱ በእሷ ወደ መያዣው ይመለሳል። ፍሬኑ ሲሞቅ የሚለጠጠው ዘይትም በእሷ ነው የሚተነፍሰው። ጎሚኒው ካበጠ ይደፍናታል። ያኔ ዘይቱ ሄዶ አይመለስም። ስትወርድ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ መውጫ ያጣል፣ ፓዱን ዲስኩ ላይ ይጫናል። ያ ደግሞ ይበልጥ ያሞቀዋል። ኮምቦልቻ ስትደርስ መኪናህ በራሷ ትይዛለች። ግማሽ ሰዓት ስታሳርፋት ይበርዳል፣ ይሸበሸባል፣ ይለቃል። ፔዳሉ የጠጠረውም መስመሩ ቀድሞ ስለተሞላ ነው።

የጎማ ቱቦዎቹም እንዲሁ ናቸው። ከውጭ ደህና ይመስላሉ፣ ከውስጥ አብጠው ይጠባሉ። እግርህ ሲገፋ ዘይቱን ያሳልፋሉ፣ ለመመለስ ግን አይፈቅዱም።

ጎማ የያዘ ቀን እዚያው የማረጋገጫ መንገድ አለ። የዚያን ጎማ አየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርገው። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ችግሩ ከካሊፐሩ (ፓዱን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል) ወደ ላይ ነው። ካልተለቀቀ ካሊፐሩ ራሱ ተጣብቋል። ዘይቱ የሚያቃጥል ይሆናልና ፊትህን አርቅ።

አሁን ወደ ፍሪሲዮንህ። ዳገት ላይ ይሾልካል አልክ። እስቲ አስበው። የፍሪሲዮኑ የላይኛው ፖምፓም መመለሻ አለው። እሱም ከታፈነ፣ እግርህን አንስተህ እንኳ ፔዳሉን በጥቂቱ እንደረገጥክ ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይነክስም። 200 ፈረስ፣ ዳገት፣ ቱርቦ፤ ይሾልካላ! ዲስኩ አልቋል ብለው ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከማውረዳቸው በፊት ይህን ይፈትሹ። ሲሾልክብህ አቁምና የታችኛውን ፖምፓ ብሎን ላላ አድርገህ አይተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ማንም አላደረገውም።

---

ሐረጎ ኩርባ | ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2:25

ጋሼ፣ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሦስት በሽታ ለአንድ ቆርቆሮ!

---

በርበሬ ወንዝ | ጥቅምት 7፣ ቀትር 7:00

እንግዲህ ማጠብ ነዋ። ሁለት ሊትር አዲስ ዶት 4 ገዝቶ እስኪጠራ ድረስ በአራቱም ጎማና በፍሪሲዮኑ ማስወጣት። የአጎቴ ኮሮላ ላይ ሞተር ኦሊዮ ገብቶ እንደዚያ ነው ያደረግነው። ይኸው አሁንም ትሄዳለች።

---

ጋሽ ቶርኖ | ጥቅምት 7፣ ማታ 1:00

ልጄ፣ የአጎትህን ኮሮላ አቁማት።

የጠጣ ጎሚኒ አይታጠብም። ስፖንጅ አይደለም እንድትጨምቀው። አዲስ ዘይት ብታስገባለት የጠጣውን መልሶ ይተፋበታል። ይሄኛው ልጅ ሲቀይር ስድስት ሳምንት ሰላም የሆነው ለምንድን ነው? አዲሱ ጎሚኒ እስኪጠጣ ድረስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘይቱን የነካው ላስቲክ በሙሉ ይወጣል። የፍሬን ላይኛው ፖምፓ፣ የፍሪሲዮን ላይኛውና ታችኛው፣ የአራቱ ካሊፐር ጎሚኒዎች፣ የጎማ ቱቦዎች ሁሉ፣ መያዣውም ከነክዳኑ። የብረት ቧንቧዎቹ አይጣሉም፤ በአልኮል ታጥበው በአየር ይነፋሉ። በቤንዚን እንዳታጥብ፤ ያው ዘይት ነው፣ ከዜሮ ትጀምራለህ።

የሚያሳዝነው ኤቢኤሱ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል። ውስጡ ብዙ ትንንሽ ላስቲክ አለ፣ ተፈትቶም አይጠገንም። እሱንም መቀየር ነው ትክክሉ። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ሐረጎን በተጠረጠረ ፍሬን ውረድ ብዬ ለሰው ልጅ አልመክርም።

---

በርበሬ ወንዝ | ጥቅምት 7፣ ማታ 1:20

ጋሼ ያስፈሩኛል። ኮሮላዋ እኮ ሁለት ዓመት ሆናት።

---

ጋሽ ቶርኖ | ጥቅምት 7፣ ማታ 1:26

የሁለት ዓመቷ ኮሮላ የምትውለው የት ነው?

---

በርበሬ ወንዝ | ጥቅምት 7፣ ማታ 1:30

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ። እሺ። ገባኝ። ለአጎቴ እደውላለሁ።

---

አወያይ | ጥቅምት 8፣ ጠዋት 3:00

መኪና አጣቢውን ለማጋለጥ ስም የጻፉ ሁለት አስተያየቶች ተነስተዋል። ስም አንጠራም። ክሩ ይቀጥላል።

---

የሆጤ ልጅ | ኅዳር 19፣ ማታ 2:10

ጠፋሁ አይደል። ይኸው ሙሉ ወሬው።

መኪናዋን አይሱዙ ላይ ጭኜ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ቶርኖ ወደጠቆሙኝ ልጅ ወሰድኳት። ጋሼም ወንበር አስመጥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ። እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ። ቡና የምታመጣው ልጅ «ጋራዡ የማን ነው?» ብላ ጠይቃለች። ግማሹ ቃላቸው ጣልያንኛ ነው፤ ፖምፓ፣ ጎሚኒ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ። «ጣልያን መንገዱን ሠርቶ፣ ቃሉን ጥሎልን ሄደ» ይላሉ።

የወጣውን ጎሚኒ ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው አሳዩኝ። አሮጌው በዓይን የሚታይ ያህል ሰፍቷል፤ በጥፍር ሲጫኑት ይሟሽሻል። ሁለት የጎማ ቱቦ በቢላ ቀደድን። ውስጡ ክብሪት እንጨት በጭንቅ ነው የሚያስገባው።

ኤቢኤሱን @ሶማሌ ተራ 7 ያገለገለ አገኘልኝ፤ በአውቶብስ ተላከ። ተጭኖ ብቻ አልሠራም፣ በኮምፒዩተር ኮድ መደረግ ነበረበት። ለዚህ ኮምፒዩተሩን የያዘ ሰው እስኪገኝ ዘጠኝ ቀን ቆመች። አየር የማስወጣቱም ነገር እንዲሁ፤ የኤቢኤሱን ፓምፕ ኮምፒዩተሩ ካላዞረው ውስጡ አየር ይደበቃል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አየር አስወጥተን ፔዳሉ አሁንም ስፖንጅ ሲሆን ልቤ ወድቆ ነበር።

ወጪው የሁለት ወር ደመወዜ ሆነ። ቮላኖና ዲስክ ብቀይር የባሰ ነበር፣ ችግሩም እዚያው ይቀር ነበር። እሱን ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የፊት ዲስኮቹ ግን አልተረፉም። 312 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ሰማያዊ ሆነዋል፤ ቶርኖ ቤት አንዴ ተልጠው ስለነበር ውፍረታቸውም ከሚፈቀደው በታች ወርዷል። ተቀየሩ።

ከዚያ ፈተና። ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው ከኮምቦልቻ ወጣን። ሐረጎ ጫፍ ላይ ዞረን ወረድን፣ እንደገና ወጣን፣ እንደገና ወረድን። ታች ስንደርስ ጋሼ ወርደው እጃቸውን ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። «እኩል ነው» አሉ። በቃ፣ ያችን ብቻ። መኪናዋን ሜዳ ላይ ማርሽ አውጥቼ ስለቃት በራሷ ተንሸራተተች። ስምንት ወር ያላየሁት ነገር ነው።

---

ሐረጎ ኩርባ | ኅዳር 19፣ ማታ 2:30

እንኳን ደስ ያለህ! ፍሪሲዮኑስ? ዲስኩን ሳትነካ መሾለኩ ቆመ?

---

የሆጤ ልጅ | ኅዳር 19፣ ማታ 2:38

ከሞላ ጎደል። ሦስተኛና አራተኛ ላይ ቆሟል። ስድስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ፣ ከታች ቱርቦው ሲገባ ጥቅጥቅ አድርጌ ከረገጥኩ ግን ትንሽ ይሾልካል። ጋሼ «ለወራት ግማሽ ተረግጦ ተነድቷል፣ ፊቱ ተልጦ ይሆናል» ብለዋል። እስከ ፋሲካ በትዕግሥት ልንዳት ነው። ከዚያ በኋላ ካልተስተካከለ ካምቢዮው ይወርዳል።

መኪና አጣቢው ልጅ ጋ ሄጄ ነበር። ልቆጣ ነበር የሄድኩት። 17 ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጥቼ አሳየሁት። ደንግጦ «ጋሼ፣ ስንቱ ላይ ሞልቻለሁ!» አለኝ። አሁን ክዳን ላይ የተጻፈውን ሳያነብ አይከፍትም። ክዳኑ ላይ እኮ ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል፣ እኔም አንብቤው አላውቅም ነበር።

---

የጦሳ ጉም | ኅዳር 19፣ ማታ 2:50

ሁለቱን ብርጭቆ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። የ10ኛ ክፍል ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝ።

---

ባለ ቪትዙ | ኅዳር 20፣ ጠዋት 4:15

እኔም ለማንኛውም ብዬ የቪትዜን ሞከርኩ። መምህርት፣ ውሃው ላይ ትንሽ ዓይን የመሰለች ነገር አየሁ። አንዲት ብቻ። ጨርሻለሁ ማለት ነው?

---

የጦሳ ጉም | ኅዳር 20፣ ጠዋት 4:22

መርፌው አዲስ ነው?

---

ባለ ቪትዙ | ኅዳር 20፣ ጠዋት 4:25

አዲስ ባይሆንም ንጹሕ ነው። የበር ማጠፊያ ኦሊዮ የምቀባበት ነው።

---

የጦሳ ጉም | ኅዳር 20፣ ጠዋት 4:26

አዲስ ግዛና ድገመው።